ሦስት ቀን ታገሺ

የልጅ ልጄ ሐና ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ከኖርዝጌት በባቡር ተሳፍራ፣ ከተማውን አቋርጣ ሬኒየር ቫሊ እኔ ቤት ትመጣለች። መክሰሷን ትበላለች፣ የቤት ሥራዋን እኔ ጠረጴዛ ላይ ትሠራለች፣ ከዚያ እናቷ ሶስና ከሥራ ስትመለስ መኪናዋን በር ላይ ሳታጠፋ ጠርታ ትወስዳታለች። ሐና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። አንድ ቀን እንኳ እኔ ዘንድ አድራ አታውቅም። ልጄ ሶስና ልጇን ለማንም ትታ አትሄድም፤ ለእኔ ደግሞ ከማንም ይልቅ አትተውም። ምክንያቱን እኔና እሷ እናውቀዋለን፤ አናነሣውም።

ከገና በኋላ ባለው ሰሞን አንድ ሐሙስ ሐና ኮምፒውተሯን ከፍታ ስለ ጥንት አሜሪካ ሴቶች ትጽፍ ነበር፤ ፍቺ ለምነው ስለሚከለከሉ፣ ልጆቻቸውንም ስለሚያጡ ሴቶች። እኔ ከሕንፃው የልብስ ማድረቂያ ያወጣሁትን አንሶላ አጥፋለሁ።

«አያቴ፣ ይኼን ስሚ» አለችኝ። «ኦኬ፣ ሶ ሚስትየዋ ከቤት ትወጣለች። ሰውዬው ጋዜጣ ላይ ይጽፍባታል። ጥላኝ ሄዳለች፣ ማንም ቤቱ እንዳያስገባት ይላል። ላይክ፣ የጠፋ ውሻ እንደሚለጠፈው።»

«ልጆቹስ?»

«ልጆቹ የሱ ናቸው። ሎው ነው፣ ሕጉ። እሷ ናቲንግ።» ቀና ብላ ፊቴን አየችና ደነገጠች መሰለኝ። «ዶንት ዎሪ፣ ይኼ እኮ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል።»

«አይ፣ ያን ያህል አይሆነውም» አልኳት።

ሒሳብ የተሳሳትኩ መስሏት ሳቀች። ጥቂት አንብባ ደግሞ «አንዳንዶቹ ሴቶች ግን መልስ ጽፈዋል» አለች። «እዚያው ጋዜጣ ላይ። ዋሽቷል፣ የሆነው እንዲህ ነው ብለው።»

አንሶላውን በእጄ እንደያዝኩ ቆምኩ። የትኩስ አንሶላ ሽታ አርባ ዓመት ወደኋላ ሲወስደኝ የኖረ ሽታ ነው፤ ዘወትር ግን ወስዶ ይመልሰኛል። የዚያን ቀን ወሰደኝና ቶሎ አልመለሰኝም።

ያኔ ሬኒየር ቫሊ እንዲህ አልነበረም። አሁን ባቡሩ በሚቆምበት አካባቢ አሮጌ ጎማ የሚሸጥ ሰውዬ ነበር፤ ከሱ አለፍ ብሎ ጥጉ ላይ መድኃኒት ቤት፣ በመድኃኒት ቤቱ ግድግዳ ላይ የሕዝብ ስልክ። ስሙኒ ሲጎርስ መስመር ይሰጣል። ሐበሻ ጥቂት ስለነበርን፣ ሐበሻ ያየ ሰው ዝናቡን ሳይፈራ መንገድ ተሻግሮ ሰላም ይል ነበር፤ አሁን በአንድ አሳንሰር ውስጥ ተያይተን ስልካችንን እንነካካለን። ሁላችንም የሰው ኮት ነበር የለበስነው፣ ከአሮጌ ልብስ መሸጫ የተገዛ። የኔ ሐምራዊ ነው፤ አንገቱ ላይ የበግ ፀጉር አለው፤ አራት ብር ገዛሁት። ዶላሩን ብር ነበር የምንለው፤ እስካሁንም እንላለን። አውቶቡስ ስንሳፈር ሾፌሩ ስስ የማለፊያ ወረቀት ቆርጦ ይሰጠናል፤ ቀለሙ በየቀኑ ይለዋወጣል። እኔ ቢጫዎቹን እያስቀረሁ ለመዝገበ ቃላቴ ምልክት አደርጋቸው ነበር። አሁን አንድ ካርድ አለኝ፤ ነካ ሲያደርጉት ጢጥ ይላል፤ ለምንም ምልክት አይሆንም።

ባለቤቴ ተፈራ መሃል ከተማ በአንድ መኪና ማቆሚያ ሕንፃ ትኬት ይቆርጥ ነበር። ቡናማ የቆዳ ጃኬት ነበረው። ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላውን ለጃኬቱ ነበር የሚይዝለት፤ እኔና ልጅቷ ከኋላ እንከተላለን። አንድ ካሴት ነበረን፣ ሁለቱም ገጽ የትዝታ ዘፈን። ቴፑ ክሩን ስለሚበላው በእርሳስ እየጠመዘዝን እናጠነጥነው ነበር። ሶስና አራት ዓመቷ ነበር። ቀይ የዝናብ ቦቲ ገዝቼላት ነበር፤ በሁለቱም ጫፍ ላይ ነጭ ጥንቸል አለበት። ቀኝና ግራዋን የለየችው በዚያ ቦቲ ነው። ስታወልቀው ጥንቸሎቹ እንዲተያዩ አድርጋ ታሰልፈዋለች።

እኔ አገር ቤት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ። እዚህ የማታ ትምህርት ልጀምር ተመዘገብኩ። ተፈራ አልወደደም። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ መታኝ። የመጀመሪያው አልነበረም። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም።

በእኛ ወግ ባሏ የበደላት ሴት ታኮርፋለች። ማኩረፍ ዝም ብሎ መቆጣት አይደለም፤ ሥርዓት አለው። ሴትዮዋ ወደ ወላጆቿ ወይም ወደ አንድ የተከበረ ሰው ቤት ትሄዳለች። ባል ጥቂት ቀን ቆይቶ ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ ይገሥጹታል፣ ይክሳታል፣ በክብር ትመለሳለች። እናቴ ሁለት ጊዜ አኩርፋ አባቷ ቤት ገብታለች፤ ሁለቱንም ጊዜ አዲስ ልብስ ለብሳ በበቅሎ ነው የተመለሰችው። እኔ እዚህ ወላጅ አልነበረኝም። የነበሩን ጋሽ መኩሪያ ናቸው። አገር ቤት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የነበሩ፣ እንግሊዝኛቸው የተመሰገነ፣ ከሐበሻ መካከል የጽሕፈት መኪና ያላቸው ብቸኛ ሰው። የተጣላ ያስታርቃሉ፣ ለሥራ ፈላጊ ማመልከቻ ይጽፋሉ፣ ሠርግ ይመርቃሉ።

ሶስናን ኮቷን አልብሼ፣ ቦቲዋን አድርጌላት፣ እጇን ይዤ እስከ ሕዝብ ስልኩ ወረድኩ። ስሙኒዬን አጉርሼ ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ ከቤት ወጥቻለሁ፤ እርስዎ ጋ ልመጣ ነው።»

«ነይ፣ ነይ። ብቻሽን ነሽ?»

«ልጄን ይዣለሁ።»

የጽሕፈት መኪናው ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ ቆመ።

«እሱ አይሆንም» አሉኝ። «መልሰሻት ነይ።»

«ጋሼ፣ አራት ዓመቷ እኮ ነው።»

«ስሚኝ ዘነበች። ልጇን ይዛ የወጣች ሴት ጨርሳ ወጣች ነው የሚባለው፤ ነገሩ ከሽማግሌ እጅ ያመልጣል። ልጇን ትታ የወጣች ግን ልቧ ቤቷ ነው። እሱም ልጅ ስታለቅስበት ይርበተበታል። ሦስት ቀን ታገሺ፤ በአራተኛው ቀን እኔው በመኪናዬ እመልስሻለሁ።»

መለስኳት። ተፈራ ካሴቱን ከፍቶ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ነበር፤ ቀና ብሎም አላየን። ቦቲዋን አውልቄ በሩ ሥር አሰለፍኩት። «ማሚ፣ ጥንቸሎቹ ተኳረፉ» አለችኝ፤ ቀኙን ከግራው አፋልሼው ነበር። አስተካከልኩላትና ወጣሁ።

ሦስቱ ቀን ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ሌላ ሳምንት ወለደ። ቤታቸው ከቤቴ ስድስት መንገድ ብቻ ነው የሚርቀው። አልሄድኩም። ያኮረፈች ሴት ሽማግሌ ሳይመጣ በደጇ ዞር ዞር ካለች ራሷን አዋረደች ነው የሚባለው። የጋሽ መኩሪያ ባለቤት እትዬ ብርቄ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንድ እሑድ በጆሮዬ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ሂጂና ልጅሽን አምጪ፤ ከሁለቱም እደብቅሻለሁ» አሉኝ። የጋሽ መኩሪያን ቃል ትቼ የሳቸውን ልስማ? አልሰማሁም። ከሠራሁት ጥፋት ሁሉ የሚቆጨኝ ይኸ ነው።

የምሠራው በአንድ ሆቴል ምድር ቤት፣ የአልጋ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነበር። አንድ ቀን ከማሽኑ የወጣ አንሶላ ከአንዲት የቬትናም ሴት ጋር ጫፍና ጫፍ ይዘን እናጥፋለን፤ ከረባት ያሰረ ሰው መጥቶ ስሜን ጠየቀና ፖስታ ሰጠኝ። በአንሶላ ክምር ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ተፈራ ፍቺ ጠይቋል፤ ልጅቷንም ለራሱ ጠይቋል። በሃያ ቀን መልስ ስጪ ይላል። ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ ያለውን አንድ ቃል በመዝገበ ቃላቴ ፈለግሁ። ጥሎ መሄድ፣ መጣል ይላል። ቢጫዋን ወረቀት እዚያ ገጽ ላይ አደረግኳት፤ ዛሬም እዚያው ናት።

ፖስታውን ለጋሽ መኩሪያ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡትና አጥፈው መለሱልኝ።

«ማስፈራሪያ ነው» አሉ። «በፍርድ ቤት የተካሰሱ ባልና ሚስት ተመልሰው አንድ ማዕድ አይቀርቡም። መልስ ከሰጠሽ ጠቡ ይከርራል። ዝም በይ፤ በሽማግሌ ይታያል።»

ዝም አልኩ። ሃያው ቀን አለፈ።

ፍርድ ቤቱ መሃል ከተማ ዳገቱ ላይ ነው። ሐምራዊ ኮቴን ለብሼ ሄድኩ። ተፈራ ከጠበቃው ጋር ተቀምጧል። ጠበቃው አንድ ገጽ ደብዳቤ አንብቦ ለእኔም አሳየኝ። የጋሽ መኩሪያ ደብዳቤ ነበር፣ በዚያ የጽሕፈት መኪና የተመታ፤ የእንግሊዝኛዋ «አር» ፊደል ከመስመር ወጣ ትላለች፤ በዚያ ነው ያወቅሁት። ሴትየዋ እሑድ ቀን በፈቃዷ ብቻዋን ቤቴ መጣች ይላል። ይህን ያህል ሳምንት ተቀመጠች ይላል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ልጇን ለማየት አልሄደችም ይላል። አንድም ውሸት የለበትም። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው።

ዳኛው ሽማግሌ ነጭ ነበሩ፤ ክፉ ሰው አይመስሉም። አስተርጓሚው ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወጣት ነበር።

«ልጅሽን እንድትተዪ ያስገደደሽ ሰው ነበር?»

«አልነበረም።» ምክር ማስገደድ አይደለም ብዬ አሰብኩ።

«ታዲያ ለምን ትተሻት ወጣሽ?»

«እንድመለስ ብዬ» አልኩ።

አስተርጓሚው ዞሮ አየኝ። «እትዬ፣ እንዲህ ብዬ ብተረጉመው አይገባቸውም» አለኝ ቀስ ብሎ።

«እንዳልኩት ተርጉመው።»

ተረጎመው። ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ ሌላ ጥያቄ አልጠየቁኝም።

በሁለት ሳምንት አንድ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት። ልጄን የሰጡኝ ይህን ያህል ነው። ተፈራ ወዲያው ወደ ሬድመንድ ቤት ለወጠ። ዛሬ ሬድመንድ ሲባል ሰው የኮምፒውተር ሥራና ውድ ቤት ነው የሚያስበው፤ ያኔ ለእኔ ሁለት አውቶቡስና የሐይቁ ድልድይ ማዶ ነበር። ቤቱ እንዳልገባ ስለከለከለ የምንገናኘው አንድ ዶናት ቤት ነው። አንዱ ዶናት ሠላሳ አምስት ሳንቲም፤ ስኳር የተነሰነሰበትን ነበር የምትወደው። ፀጉሯን እዚያው ወንበር ላይ እሠራላታለሁ፤ ባለቤቱ ኮሪያዊ ነበር፣ አይቶ እንዳላየ ያልፈናል። የመጀመሪያው ቅዳሜ ቦቲው እግሯን አጥብቆ ይዞት ነበር፤ ጣቶቿ ቀልተዋል። ሦስት ወር ሙሉ ያየላት ሰው የለም። ጥንቸሎቹ ተፋፍቀው ጠፍተው ነበር።

«ለምን ጥለሽኝ ሄድሽ?» አለችኝ አንድ ቀን፣ ስድስት ዓመቷ ላይ። ቃሉ የሷ አልነበረም፣ የአባቷ ነው። የአባቷን ስም በፊቷ ላለማንሣት ዝም አልኩ። ዝም ማለትን የተማርኩት ከሽማግሌ ነው።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላት አዲሷ ሚስቱ ወለደችና ቤት ጠበበ። አንድ ቅዳሜ ተፈራ ሶስናን ከነልብሷ፣ በሁለት ጥቁር የቆሻሻ መጣያ ላስቲክ፣ ዶናት ቤቱ በር ላይ አወረዳት። ዳኛ አልጠየቀ፣ ሽማግሌ አልጠየቀ። ከሰባት ዓመት በኋላ እንዲህ ተመለሰች። ግን ልጅ መመለስ ሌላ፣ የልጅ ልብ መመለስ ሌላ ነው። ዩኒቨርሲቲ እንደገባች የሆነውን ልነግራት ሞከርኩ፤ ስልኩን፣ ቦቲውን። አንገቷን ነቀነቀች። «ማሚ፣ ዳድ ደብዳቤውን አሳይቶኛል» አለችኝ። «ጋሽ መኩሪያ እኮ ለማንም አያዳሉም።» ያን ቀን ነገሩ ገባኝ። ይህን ቃል ከኔ አፍ ሺህ ጊዜ ብትሰማው አታምነውም። ደብዳቤውን የጻፈው ሰው ራሱ ሊነግራት ይገባል።

በቀል ብዙ ዓይነት ነው። የኔ ቀስ ያለ ነበር። ከባሏ የተጣላች ሴት ወደ ጋሽ መኩሪያ መሄዷን ትታ ወደኔ እንድትመጣ አደረግሁ። በሬን ስታንኳኳ ሳልከፍት የምጠይቃት አንድ ጥያቄ ነው፤ «ልጆችሽስ?» ትቻቸው መጣሁ ያለችውን ሳላስገባ እመልሳት ነበር። «አምጫቸውና ነይ። ያኔ ሻይ እንጠጣለን።» ያኔ ሁለት ክፍል ቤት ነበረኝ፤ አንድ ጊዜ ሰባት ልጅ ምንጣፍ ላይ ተኝተውበታል። የፍርድ ቤቱን ቅጽ መሙላት ተማርኩ፤ በሃያ ቀን ሳይሆን በሁለተኛው ቀን መልስ አስገባላቸው ነበር። ጋሽ መኩሪያ ለዕርቅ ሲሄዱ የሚጠብቃቸው የሚያፍር ባልና ባዶ የልጅ አልጋ ሆነ። «ዘነበች ሴቶቹን አበላሸች» እያሉ አወሩ። ቀስ በቀስ የሚጠራቸው ጠፋ። ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ አያሳፍረኝም። ለቅሶ ቤት ሰውን ሁሉ እየጨበጡ እኔ ጋ ሲደርሱ እጄን ነጠላዬ ውስጥ አገባለሁ፤ እጃቸው አየር ላይ ይቀራል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድም ጊዜ አልረሳሁም።

ሶስና ስታገባ አባቷ ጋሽ መኩሪያ ይመርቁ አለ፤ እሷም ፈቀደች። እጃቸውን በልጄ ራስ ላይ ሲያሳርፉ አየሁ። ያን ደብዳቤ የጻፈ እጅ ነው። ምርቃቱ ረጅም ነበር፤ እኔ አሜን አላልኩም። ተፈራ ከጥቂት ዓመት በፊት ሞተ። ቀብሩ ላይ ያቺኑ አራት ብር የገዛኋትን ሐምራዊ ኮት ለብሼ ተገኘሁ። ሰዎች ጥቁር ያላገኘሁ መሰላቸው። የተናደድኩት አፉን ይዞ ስለሄደ ነው። ከዚያ በኋላ እውነቱን መናገር የሚችል አንድ አፍ ብቻ ቀረ፤ የሰማንያ ስምንት ዓመት ሽማግሌ አፍ።

ስለዚህ በየካቲት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዎች በሬን ሲያንኳኩ ገና ሳይናገሩ ነገሩን አወቅሁት። አንደኛው የታክሲ ባለቤቱ አቶ ደምሴ ነው። ሁለተኛው እዚህ ሰፈር ግሮሰሪ ያላቸው ሐጂ ሱልጣን፤ ክርስቲያኑም እስላሙም የሚያምናቸው ሰው ናቸው። በር ላይ ቆሙ።

«እትዬ ዘነበች» አለ አቶ ደምሴ፤ «የመጣንበትን እሺ ካላሉን አንቀመጥም።»

የሽማግሌ ወግ ነው። የቤቱ ባለቤት ቆመው ማየቱ አሳፍሮት ቶሎ እሺ እንዲል ነው የሚቆሙት።

«እሺ፣ ቁሙ» አልኳቸውና ተቀምጬ ነጭ ሽንኩርቴን መላጥ ቀጠልኩ።

አቶ ደምሴ ጉሮሮውን ጠረገ። ጋሽ መኩሪያ ደክመዋል፣ መቁረብ ይፈልጋሉ፣ ቄሱ ግን ሳይታረቁ አላቆርብም ብለዋቸዋል አለ። ያለፈ አልፏል አለ። እኔ አንድ ራስ ልጬ ሁለተኛውን አነሣሁ።

«እትዬ» አሉ ሐጂ ሱልጣን፤ «የኔ ጉልበት አዲስ ነው። ብረት ነው ያስገቡልኝ። ዶክተሩ ከሩብ ሰዓት በላይ አትቁም ብሎኛል።»

«ይቀመጡ ሐጂ። እርስዎ ምን በደሉኝ።»

«እኔስ?» አለ አቶ ደምሴ።

«አንተም አልበደልከኝም። ግን ጉልበትህ ደህና ነው።»

ሐጂ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። ተቀምጠው «እሺ ይበሉን፤ ሰውየው ዛሬ ነገ ናቸው፤ ቢሞቱብዎትስ?» አሉ።

«እኔ እንዲሞቱ አልፈልግም» አልኩ። ሁለቱም ደስ አላቸው። አልገባቸውም። «ነገ ከቅዳሴ በኋላ ልጄ ሶስና ከልጇ ጋር ትመጣለች። እሳቸውም ይምጡ። ለኔ ምንም እንዲሉኝ አልፈልግም። የሚናገሩት ለልጄ ነው። ያን ዕለት በስልክ የነገሩኝን፣ አንድ ቃል ሳያስቀሩ። በእንግሊዝኛ።»

«ለምን በእንግሊዝኛ?»

«የጻፉት በእንግሊዝኛ ነው።»

«እትዬ፣ ትልቅ ሰው በልጅ ፊት…»

«አርባ አራት ዓመቷ ነው። የልጅ ልጄም ትኖራለች። ደብዳቤውን የምታነበው እሷ ናት።»

እሑድ መጡ። አራት እግር ያለው መደገፊያቸውን እየገፉ፣ አቶ ደምሴ በአንድ ጎን፣ ሐጂ በሌላው። ኮታቸው ሰፍቷቸዋል። ሶስና ተነሥታ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች፤ ለሷ ሠርጓን የመረቁ አባት ናቸው። ለምን እንደመጡ አልነገርኳትም ነበር። ከመሳቢያዬ ከፍርድ ቤት ያወጣሁትን የደብዳቤውን ግልባጭ አውጥቼ ለሐና ሰጠኋት።

ሐና ትምህርት ቤት እንደምታነበው ቀጥ ባለ ድምፅ ጀመረች። መሃል ላይ ስትደርስ ድምፇ ቀነሰ። የማን ስም እንደሆነ አይታለች። «አያቴ፣ ይኼ አንቺ ነሽ?» አለችኝ። «ጨርሺው» አልኳት። ጨረሰችው። ሶስና ወለሉን ታያለች፤ ደብዳቤውን ታውቀዋለች።

«ጋሼ፣ የጎደለውን ይሙሉ» አልኩ።

«ያኔ እኮ ጊዜው…» ብለው በአማርኛ ጀመሩ።

«በእንግሊዝኛ።»

ያ የተመሰገነ እንግሊዝኛቸው አርጅቷል፤ ቃል እየፈለጉ ነው የተናገሩት። እናትሽ ብቻዋን አልወጣችም አሏት። ከመድኃኒት ቤቱ ስልክ ስትደውል አንቺን ይዛ ነበር። መልሰሻት ነይ ያልኳት እኔ ነኝ። ሦስት ቀን ታገሺ ያልኳት እኔ ነኝ። ለፍርድ ቤቱም መልስ እንዳትሰጪ ያልኳት እኔ ነኝ። ደብዳቤውን የጻፍኩት ደንግጣ ወደ ባሏ እንድትመለስ ብዬ ነው። አንቺን ይወስዱባታል ብዬ አላሰብኩም። ከዚያ በኋላ ደግሞ፣ አሉ፣ ተሳስቻለሁ ካልኩ ማን ሽማግሌ ይለኛል?

ሶስና ዓይኗን ከወለሉ አነሣች። ከዚያ ወደኔ ዞረች፤ በአማርኛ ነው የጠየቀችኝ። ከእኔ ጋር በአማርኛ ማውራት ከተወች ቆይታለች።

«ይዘሽኝ ወጥተሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ቦቲ አድርጌ?»

«አድርገሽ።»

«ስልኩ ጋ ውኃ ነበር። ውኃው ላይ ዘልያለሁ። ሕልም ይመስለኝ ነበር» አለች።

ጋሽ መኩሪያ መደገፊያቸውን ይዘው ለመነሣት ሞከሩ። እግሬ ላይ ሊወድቁ ፈልገው ነው፤ ጉልበታቸው እንቢ አላቸው። «ዘነበች፣ ይቅር በይኝ» አሉ። ሁሉም ወደኔ አየ። አቶ ደምሴ ለምርቃት እጁን ዘርግቶ አዘጋጅቷል።

«መልስ ከሰጠሁ ጠቡ ይከርራል ጋሼ» አልኳቸው። «ሦስት ቀን ይታገሡ።»

ሌሎቹ አልገባቸውም፤ ሐጂ እንዲያውም «እሰይ፣ ሦስት ቀን ምን አላት» አሉ። ጋሽ መኩሪያ ግን ገባቸው። ፊታቸውን አየሁ። አርባ ዓመት የጠበቅሁት ፊት ነው።

ከሄዱ በኋላ ሶስና ተነሥታ ብርጭቆዎቹን አጠበች። የታጠበውን ደግማ አጠበች። ከዚያ የመኪናዋን ቁልፍ አነሣች፤ ሐናም ቦርሳዋን አነሣች። ሶስና በሩ ላይ ቆመች።

«ማሚ፣ ነገ በዓል ነው፣ ትምህርት የለም» አለች። «ሐናን ትቻት ልሂድ? ነገ መጥቼ እወስዳታለሁ።»

«ተያት» አልኩ።

ሐና አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየች፤ ጫማዋን አውልቃ በሩ ሥር አስቀመጠች። ሶስና መኪናዋ ጋ እስክትደርስ በመስኮት ቆሜ አየኋት። ልጇን ትታ የወጣች ልቧ ቤቷ ነው። የሰውየው ቃል እውነት ነበር፤ ይህም ያናድደኛል።

አሁን ሰኔ ነው። ሐና ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አድራለች። ጋሽ መኩሪያ በሕይወት አሉ፤ ቅዳሴ ይመጣሉ፣ ሌላው ሲቆርብ እሳቸው ከኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። አቶ ደምሴ በየሳምንቱ ኮል ያደርግልኛል።

«እትዬ፣ ኧረ ለእግዜር ብለው» ይለኛል፤ «ሦስቱ ቀን መቼ ነው የሚያልቀው?»

«የኔው ሰባት ዓመት ፈጅቷል» እለዋለሁ። «የሳቸው ገና አምስተኛ ወሩ ነው።»